27.8 ሚሊ ሜትር፦ ላይካ ከፊልም ወደ ዲጂታል ያለፈበት ጠባብ በር

ስለ ጀርመኑ ካሜራ ሠሪ ስለ ላይካ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚተርከው አንድ ታሪክ ነው። ድርጅቱ በፊልም ዘመን ንጉሥ ነበር፤ ዲጂታል ሲመጣ ናቀው፤ ጃፓኖቹ ቀደሙት፤ ሊከስር ሲል አንድ ባለጠጋ ደረሰለት። ታሪኩ ውሸት አይደለም፤ ዋናውን ነገር ግን ይዘለዋል። የእኔ እንጀራ ካሜራ መፍታትና መግጠም ስለሆነ ነገሩን የማየው ከብሎኑ ጀምሬ ነው። ከዚያ ሆኜ ስመለከተው ላይካን ያዘገየው ትዕቢት ብቻ አልነበረም። አንድ ልኬት ነው ያዘገየው፦ 27.8 ሚሊ ሜትር። የሚገርመው ደግሞ ያዳነውም ያው ልኬት መሆኑ ነው።

ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፣ ሙያውን የለመድኩት ፒያሳ፣ አንድ ፎቶ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ከፊት ጉርድ ፎቶ ይነሳል፤ ከጓዳ ፊልም ይታጠባል፤ ከጓዳው ጥግ ባለች የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የተበላሸ ካሜራ ይጠገናል። ያስተማሩኝ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ከማውራት ይልቅ መሥራት የሚቀናቸው ሰው ነበሩ። ወደዚያች ጠረጴዛ የሚመጣው አብዛኛው ካሜራ የሶቪየት ነበር፦ ዜኒት፣ ፌድ፣ አልፎ አልፎም ዞርኪ። ፌድ በ1930ዎቹ ካርኮቭ ውስጥ፣ ወላጅ አልባ ልጆች በሚያድጉበት ተቋም፣ ላይካን ብሎን በብሎን እየገለበጡ መሥራት የጀመሩት ካሜራ መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ፍራንክፈርት መጥቼ ነው። የመጀመሪያውን አሮጌ ላይካ ስከፍት እጄ መንገዱን ቀድሞ ያውቀው ነበር። ዛሬም የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ የላይካ ከተማ ቬትስላር በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ብታስኬድ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የጥንቱን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። የኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ በማይክሮስኮፕ የታወቀ ነበር። ኦስካር ባርናክ የሚባለው ሠራተኛው አስም ስላለበት ከባዱን የእንጨት ካሜራ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ይከብደው ነበር። በ1914 አካባቢ የሲኒማውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አግድም አስኪዶ፣ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፎቶ የሚያነሳ፣ ኪስ የሚገባ ካሜራ ሠራ። ጦርነት መጣና ነገሩ ቆየ። ዳግማዊ ኤርንስት ላይትስ በ1924 ምርቱን ለመጀመር ቆርጠው ወሰኑ፤ በ1925 ካሜራው በላይፕዚግ የጸደይ ትርኢት ለገበያ ቀረበ። ለዛሬው ወሬያችን የሚያስፈልገው ግን በ1954 የወጣው ኤም 3 ነው። ሌንሱን እንደ ብሎን ማጠንጠን ቀርቶ ገፋ ዞር አድርጎ መቆለፍ የመጣው በእርሱ ነው፤ ያን ጊዜ የተወሰነውም ልክ እስከ ዛሬ አልተነካም። ሌንሱ ከሚያርፍበት የብረት ቀለበት እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 27.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህ ርቀት እንዲህ ማጠሩ ምክንያት አለው። በኒኮንም ሆነ በካኖን የፊልም ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ ኋላ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገለበጥ መስታወት አለ፤ እርሱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ኒኮን 46.5፣ ካኖን ደግሞ 44 ሚሊ ሜትር ርቀት ለመተው ተገደዋል። ላይካ ኤም፣ ማለትም ከኤም 3 የጀመረው የካሜራ ዘር፣ መስታወት የለውም። ፎቶ አንሺው የሚያየው በሌንሱ ሳይሆን ከላይ በኩል ባለች ትንሽ መስኮት ነው፤ ሁለት ምስል ታያለህ፣ ሌንሱን ስታዞር ሁለቱ ይገጥማሉ፣ ያን ጊዜ ታነሳለህ። መስታወት ከሌለ ሌንስ ሠሪው ነጻ ነው። የላይካ ሰዎችም በዚህ ነጻነት እስኪበቃቸው ተጠቀሙበት፤ የሰፊ እይታ ሌንሶቻቸውን የኋላ ብርጭቆ ወደ ካሜራው ሆድ አስገብተው ፊልሙን ሊነካው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አስጠጉት። ሌንሶቹ ትንንሽ፣ ቀላልና እጅግ የጠሩ የሆኑት በዚህ ነው።

ፊልም ብርሃን ከየት አቅጣጫ ቢመጣበት ግድ የለውም። በቀጥታም ይምጣ በአግድም፣ ከተቀባው ኬሚካል ጋር ከተገናኘ ይቀበለዋል። በዲጂታል ካሜራ ፊልሙን የተካው ብርሃን ተቀባይ፣ ሴንሰር፣ ግን እንዲህ አይደለም። የሴንሰር እያንዳንዱ ነጥብ (ፒክስል) እንደ ውሃ ጉድጓድ ነው፤ የቀትር ፀሐይ እስከ ታች ታበራዋለች፣ የማታዋ ፀሐይ ግን ግድግዳውን መትታ ትቀራለች። ከላይካ ሰፊ ሌንስ የሚወጣው ብርሃን መሐል ላይ የቀትር፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ የማታ ነው። ውጤቱ ጠርዙ የጠቆረና ቀለሙ የተዛባ ፎቶ ነው። ኒኮንና ካኖን መስታወታቸው በሰጣቸው ርቀት ምክንያት ይህ ችግር እንዲህ አልከፋባቸውም። ላይካን አንደኛ ያደረገው የሌንስ ጥበብ ሴንሰር ሲመጣ መልሶ እግሩን አሰረው።

ዲጂታል ሲመጣ ላይካዎች ተኝተው ነበር የሚለው ወሬ የማይዋጥልኝም በዚህ ምክንያት ነው። ላይካ በ1996 ኤስ 1 የተባለ፣ ወደ 26 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ዲጂታል ካሜራ አሳይቶ ነበር። ምስሉን መስመር በመስመር እየቃኘ ስለሚያነሳ ጊዜ ይወስዳል፣ ከኮምፒውተር ጋር ታስሮ ነው የሚሠራው፤ ለቤተ መዘክርና ለስቱዲዮ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። በ1998 ከፉጂ ጋር፣ ቀጥሎም ከፓናሶኒክ ጋር ተዋውሎ ትንንሽ ዲጂታሎችን በስሙ ሸጠ። በ2005 ደግሞ አር 8 እና አር 9 የተባሉትን መስታወት ያላቸውን የፊልም ካሜራዎቹን የኋላ ክዳን አውልቆ በምትኩ የሚገጠም የ10 ሚሊዮን ነጥብ ዲጂታል ጀርባ አቀረበ። ፊልም ስትፈልግ ክዳኑን ትመልሳለህ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል፤ ግዙፍና ውድ ስለነበር ግን ብዙ ገዢ አላገኘም፤ ጀርባውን በመሥራት የተባበረው የዴንማርኩ ኢማኮንም ቀደም ብሎ በ2004 ከስዊድኑ ካሜራ ሠሪ ሃሰልብላድ ጋር ተዋሕዶ ነበር።

ስለዚህ ዲጂታሉ ነበር። ያልነበረው የኤም ዲጂታል ነው። ሰው የሚፈልገው ደግሞ እርሱን ነበር።

እዚህ ላይ ትዕቢቱም ድርሻ ነበረው፣ አልክድም። በ2004 የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ዲጂታል ጊዜያዊ ነገር እንደሆነ፣ ፊልም ግን እንደሚዘልቅ ለአንድ የጀርመን መጽሔት ተናግረዋል። በዚያው ዓመት ማን ቀደማቸው መሰላችሁ? ኤፕሰን! አዎ፣ የማተሚያ ማሽን የሚሠራው ኤፕሰን። ከጃፓኑ ኮሲና ጋር ሆኖ የላይካ ኤም ሌንስ የሚቀበል፣ 6 ሚሊዮን ነጥብ ያለው፣ በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የሬንጅፋይንደር (እንደ ኤም ሁለት ምስል በማግጠም የሚያተኩር) ዲጂታል ካሜራ አወጣ። ለብርሃን የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መዝጊያ በአውራ ጣት እየሳብክ እንደ ፊልም ካሜራ ነው የምታዘጋጀው። አንዱ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ሳየው በሣቅ ፈነዳሁ፤ ከላይ በኩል ደግሞ የሰዓት የመሰለ መርፌ እየዞረ ስንት ፎቶ እንደቀረህ ይነግርሃል። ኤፕሰን ያመለጠው በሴንሰሩ ማነስ ነው። ትንሽ ሴንሰር መሐሉን ብቻ ስለሚወስድ የጠርዙን የማታ ፀሐይ አያያትም። ግን የሰፊ ሌንስህም ስፋት አብሮ ይቆረጣል።

በ2005 መጀመሪያ ባንኮች ለላይካ ከሰጡት ብድር ከፊሉን ያዙበት፤ ኪሳራው ከካፒታሉ ግማሽ በላይ በልቶ ስለነበር ባለአክሲዮኖች በአስቸኳይ ተጠሩ። ያን ጊዜ ከአክሲዮኑ አንድ ሦስተኛ ገደማ በፈረንሳዩ የቅንጦት ዕቃ አምራች ኧርሜስ እጅ ነበር። ገንዘቡን ይዞ የገባው አንድሬያስ ካውፍማን ነው፤ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ቤተሰቡ በኦስትሪያ የወረቀት ኢንዱስትሪ የከበረ ሰው። የኧርሜስንም ድርሻ ቆይቶ ገዛው። ባለጠጋው አዳነው የሚሉት እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ገንዘብ ብርሃንን አያቃናም፤ 27.8 አሁንም 27.8 ነው።

መፍትሔው በመስከረም 2006 በኤም 8 መጣ። 10.3 ሚሊዮን ነጥብ ያለውን ሴንሰር የሠራላቸው ኮዳክ ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ብርሃን የምትሰበስብ እጅግ ደቃቅ ሌንስ አለች። በተራው ሴንሰር ላይ እነዚህ ደቃቅ ሌንሶች ከጉድጓዱ አፍ መሐል ነው የሚቀመጡት። በኤም 8 ግን ከመሐል ወደ ጠርዝ በሄድክ ቁጥር እያንዳንዷ ጥቂት በጥቂት ወደ መሐል ትሸሻለች፤ አግድም የመጣውን ብርሃን ተቀብላ ወደ ታች ታጎነብሰዋለች። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ነው የተቀመጥኩት። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሌንሶች፣ እያንዳንዳቸው እንደየቦታቸው ፈቀቅ ያሉ፣ ሁሉም የ1954ን ቀለበት ለማክበር! ሌላ ድርጅት ቢሆን ቀለበቱን ቀይሮ ደንበኛውን አዲስ ሌንስ ግዛ ይለው ነበር። የላይካ ደንበኛ ግን የድሮ ሌንሱን እንደያዘ ዲጂታል ገባ፤ ያዳነውም ያው ልኬት ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ግን ከሌላ በኩል ፈሰሰ። የሴንሰር ሲሊከን ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ያያል፤ ስለዚህ ሌሎች አምራቾች ሴንሰሩ ላይ ያንን የሚያግድ ወፈር ያለ ብርጭቆ ይደርቡበታል። ለላይካ ወፍራም ብርጭቆ አይሆነውም፤ አግድም የሚመጣ ብርሃን ወፍራም ብርጭቆን ሲያቋርጥ ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ አደረጉት። ጨረሩ አለፈ። አንዳንድ ሰው ሠራሽ ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ኢንፍራሬድን በደንብ ይመልሳል። የሠርግ ፎቶ አንሺ የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ ተከራይተው የለበሱት ጥቁር ልብስ ፖሊስተር ያለበት ሚዜዎች ቆመው፣ ግማሾቹ ጥቁር ግማሾቹ ሐምራዊ ሆነው ሲወጡ ገምቱት። ዓለም ጉድ አለ። ካሜራው ገበያ በወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው ነገሩ የተጋለጠው።

ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ገዢ ከሌንሱ ፊት የሚጠመዱ ሁለት ማጣሪያዎች በነጻ ሰጠ። ማጣሪያው ሐምራዊውን ያጠፋል፤ በሰፊ ሌንስ ላይ ሲሆን ግን ጠርዙን ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይጎትተዋል። ያንን ደግሞ ካሜራው በስሌት እንዲያርመው የትኛው ሌንስ እንደተገጠመ ማወቅ አለበት። የ1954 ሌንስ እንዴት ይናገር? ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም። ስለዚህ ከሌንሱ ቀለበት ላይ ጥቁርና ነጭ ስድስት ነጥቦች ተቀረጹ፤ ካሜራው በብርሃን ያነብባቸዋል። ሰው የአባቱን ሌንስ ወደ ፋብሪካ እየላከ ነጥብ ያስቀርጽ ጀመር። መላክ የሰለቸው ደግሞ በቋሚ ማርከር ራሱ ይቀባው ነበር፤ ይሠራልም። ማርከሩ ሲለቅ እንደገና ይቀባል። በሺህ የሚቆጠር ዩሮ የወጣበትን ዕቃ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በተገዛ ማርከር ማስተካከል ለእኔ ከፒያሳዋ ጠረጴዛ ጋር ያዛመደው ነገር ነው፤ ጋሼ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ኤም 8 ውስጥ የምወደው ሌላ ከንቱ ነገር የታችኛው ክዳን ነው። በፊልሙ ኤም ከታች ያለውን ክዳን አውልቀህ፣ ሦስተኛ እጅ ስለሌለህ በጥርስህ ነክሰህ፣ ፊልሙን ከሥር ታስገባለህ። ዲጂታሉ ፊልም የለውም። ነገር ግን ባትሪውንና ካርዱን ለማውጣት ያንኑ ክዳን ታወልቃለህ፣ እንደ ጥንቱ ትነክሰዋለህ። ምንም ጥቅም የለውም። እስከ 2022፣ ኤም 11 እስኪወጣ ድረስ እንደያዙት ቆዩ። ድምፁ ግን ተቀየረ። የፊልሙ ኤም የጨርቅ መዝጊያ ነበረው፤ ጠቅ ይልና ዝም ይላል፤ ፊልሙን የምታሳልፈው በራስህ ጊዜ በጣትህ ነው። ኤም 8 የብረት መዝጊያ ነው፣ ከጠቅታው በኋላ ሞተሩ እያጉረመረመ ይስበዋል። ቅዳሴ ላይ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

በመስከረም 9 ቀን 2009 ኤም 9 ወጣ። ሴንሰሩ ሙሉ 24 በ36 ሚሊ ሜትር፣ የባርናክ ልክ ሆነ፤ ነጥቡ 18 ሚሊዮን፤ ከሌንስ ፊት ማጣሪያም አያስፈልገውም። ለእኔ ሽግግሩ ያለቀው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማሻሻያ ነው። ይህንንም ሴንሰር የሠራው ኮዳክ ነበር። በ1975 መሐንዲሱ ስቲቨን ሳሰን ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ ሲያሳየው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ኮዳክ፣ ፊልሙን ለዘመናት ሲሸጥበት የኖረውን ካሜራ ዲጂታል ለማድረግ በቃ፤ ራሱ ግን አልተረፈም። የሴንሰር ክፍሉን በ2011 ሸጦ በጥር 2012 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ላይካ ለቀጣዩ ኤም ወደ ቤልጅየሙ ሲሞሲስ ሄደ።

ጥገና ቤት ውስጥ የሚታይ፣ በዜና የማይወራ ሌላ ነገር አለ። ፊልም ውፍረት አለው፣ ትንሽም ይጎብጣል፤ የትኩረት ስሕተት ብትኖር በውስጡ ትደበቃለች። ሴንሰር ደግሞ ፍጹም ጠፍጣፋ ነው፤ ባለቤቱም ማታ ቤቱ ገብቶ ፎቶውን በኮምፒውተር አጉልቶ ሽፋሽፍት ይቆጥራል። ሃምሳ ዓመት ደህና ነው ሲባል የኖረ ሌንስ በአንድ ሌሊት በሽተኛ ሆነ። ሥራዬ ከዚያ ወዲህ ነው የበዛው። ሌንሱን ሳወልቅ ካሜራው ውስጥ ከላይ በኩል፣ በክንድ ጫፍ ላይ የተሰካች ትንሽ ተሽከርካሪ ብረት አለች፤ የሌንሱ የነሐስ ጠርዝ እርሷን ሲገፋ ነው ሁለቱ ምስሎች የሚገጥሙት። ካሜራውን መስኮት ላይ በሦስት እግር አቆማለሁ። ሩቅ ያለ ሕንፃ ላይ ያለውን አንቴና አያለሁ፤ ሁለት አንቴና ከሆነ ብሎኗን ፀጉር በምታህል አዞራለሁ። አንድ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ሜትር እመለስና መሥመር የተሰመረበት ወረቀት አነሳለሁ። ሩቁ ሲስተካከል ቅርቡ ይበላሻል፣ ቅርቡ ሲስተካከል ሩቁ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ይህን ሥራ የሚሠራ ማሽን ቢኖርም እኔ በአንቴናዬ ይሻለኛል።

ላይካ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቬትስላርን ትቶ ጎረቤቷ ዞልምስ ገብቶ ነበር፤ በ2014 ተመለሰ። አዲሱን ሕንፃ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው፤ መስታወቱ ክብ ክብ እየሆነ ሌንስ መስሎ የተሠራ ነው። በመስኮቱ ሠራተኞች ብርጭቆ ሲያለሰልሱ ታያላችሁ። በዚያው ዓመት ባትሪ እንኳ የሌለው የፊልም ካሜራ ኤም ኤ ወጣ፤ በ2022 ደግሞ የቀድሞው ኤም 6 እንደገና ተሠራ። በ2018 ከኋላው ማያ የሌለው ዲጂታል ሸጠዋል፤ አውራ ጣት ላይ የፊልም መሳቢያ የመሰለ ነገር አለው፣ ስቦ የሚያሳልፈው ፊልም ግን የለም። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ክዳኑ ከንቱ ቢሆንም ልማድ ነው፤ ይህ ግን ትያትር ነው። ዋጋውም ቢሆን፣ አዲሱ ኤም 6 ወደ 5 ሺህ ዩሮ፣ ኤም 11 ሲወጣ ደግሞ ከ8 ሺህ በላይ ነበር። የባርናክ የግሉ የነበረ አሮጌ ካሜራ በ2022 ቬትስላር ውስጥ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተጫረተ። ከባድ ካሜራ መሸከም ላቃተው አስመኛ ሠራተኛ የተሠራ ዕቃ የቢሊየነር ጌጥ ሆኖ ሳይ ይከፋኛል፤ እርግጥ ነው፣ እኔንም የሚያበላኝ እርሱው ነው።

ከደብዳቤዎቻችሁ ውስጥ ከሁሉ የሚደጋገመው ያገለገለ ኤም 9 ልግዛ ወይስ አልግዛ የሚለው ነው። የሴንሰሩ መሸፈኛ ብርጭቆ በጊዜ ብዛት ይበላል፤ ድርጅቱም በ2014 አምኖ ለተወሰነ ዓመት በነጻ ይቀይር ነበር፣ አሁን ግን የዚያ ሴንሰር ምትክ መግጠም ቆሟል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የተቀየረበትን ወረቀት ጠይቁት። የለኝም ካላችሁ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ (አፐርቸር) 16 ቁጥር ላይ አጥብቡት፣ ትኩረቱን አጥፍታችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ፣ በኮምፒውተር አጉሉት። ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ አቧራ ነው፣ በአየር ፓምፕ ንፉትና ድገሙት። በነጠብጣቡ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ካለና ከተነፋ በኋላም ከቦታው ካልተነሳ፣ ካሜራውን ለሻጩ መልሱለት።